የሞላ ዳታስቶር፣ የደከመ ባትሪ እና ሌሎች የሰርቨር ክፍል ጣጣዎች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር ተፈጥሮ እንደ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ስለሚሠራው) የሚጠይቁ ሲሆኑ፣ አንብቤ ስጨርስ ግን ከአንድ ሁለቱ በቀር ሁሉም ውስጣቸው የስቶሬጅ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። ነገሩ ብዙም አያስገርምም። በአንድ ሆስት (ማሽኖቹን በሚሸከመው ሰርቨር) ላይ አሥር ማሽን ሲኖር አሥሩም የሚያነቡትና የሚጽፉት ከአንድ ቋት ነውና፣ ቋቱን ሲያመው የሚያቃስቱት ማሽኖቹ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ፣ የድርጅት ስም ያለባቸውንም ስሙን አውጥቼ አቅርቤያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ድርጅት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ። ሰባት ቨርቹዋል ማሽኖች የያዘ አንድ የቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይ (ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) ሰርቨር አለን። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስንገባ የሒሳብ ክፍሉ ማሽን ደርቆ አገኘነው፤ ለቨርቹዋል ዲስኩ የቀረ ቦታ እንደሌለ የሚገልጽና «እንደገና ሞክር» ወይም «ሰርዝ» የሚል ምርጫ የሚሰጥ መልእክት ወጥቷል። 1.8 ቴራባይት የሆነው ዳታስቶር (የማሽኖቹ ፋይሎች የሚቀመጡበት ቋት) ጢም ብሎ ሞልቷል። በማሽኑ ፎልደር ውስጥ ስሙ ላይ 000001 የሚል ቁጥር ያለበት፣ 430 ጊጋባይት የሚሆን ፋይል አለ። ከስምንት ወር በፊት የሒሳብ ፕሮግራሙን ስናሻሽል ለሦስት ቀን ብለን የወሰድነው ስናፕሾት እንደነበረ አሁን ትዝ አለኝ። ባልደረባዬ «ትርፍ ፋይል ነው፣ እናጥፋው» ይላል፤ እኔ ግን እጄ እንቢ አለኝ። ምን ይመክሩኛል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እጅዎ እንቢ ማለቱ ደግ አደረገ። ስናፕሾቱ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሒሳብ ክፍሉ የሠራው ሥራ ሁሉ የተጻፈው በዚያ ፋይል ውስጥ ነው። በዳታስቶሩ ፎልደር ገብታችሁ ብታጠፉት ማሽኑ ጭራሹን አልነሳም ይላል፤ በሙያተኛ እገዛ ቢነሳ እንኳ የምታገኙት የዛሬ ስምንት ወሩን ሒሳብ ነው።

ስናፕሾት ሲወሰድ ኢኤስኤክስአይ ዋናውን ዲስክ እንዳይጻፍበት ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጽሑፍ ሁሉ ቁጥር ወደያዘው አዲስ ፋይል ይሄዳል። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ የመዝገቡን ደብተር በሰም አሽጎ፣ እርማቱንም አዲሱን ገቢና ወጪም በተለየ ወረቀት እየጻፈ ከደብተሩ ጀርባ ቢሰካው እንደ ማለት ነው። ደብተሩ ብቻውን የዛሬን ሒሳብ አይነግርዎትም፤ ወረቀቱም ያለ ደብተሩ ፋይዳ የለውም። ወረቀቱ ደግሞ ዝም ብሎ ያድጋል። ዋናው ዲስክ 500 ጊጋባይት ከሆነ የስናፕሾቱ ፋይል ያንኑ ያህል እስኪደርስ ማደጉን አያቆምም፤ የእናንተም ወደዚያው እየሄደ ነበር። ስናፕሾትን እንደ ባክአፕ መቁጠር በሥራዬ ካየኋቸው ስህተቶች ሁሉ ብዙ የሚያስከፍለው ነው፤ ዋናው ዲስክ ከተበላሸ ስናፕሾቱም አብሮ ይሄዳልና።

አሁን ከፊትዎ ባለው መልእክት ላይ «ሰርዝ» የሚለውን አይንኩ፤ እሱን ከመረጡ ማሽኑ እንደ ተነቀለ ሆኖ ይጠፋል። ማሽኑ የቆመው ባለበት ነው፤ ትንሽ ቦታ ካገኘና «እንደገና ሞክር» ካሉት ካቋረጠበት ይቀጥላል። ያቺ ትንሽ ቦታ የት ትገኛለች? ብዙ ሰው የማያስተውላት አንድ ምንጭ አለች። ኢኤስኤክስአይ አንድ ማሽን በተነሳ ቁጥር በተሰጠው ሜሞሪ ልክ የስዋፕ ፋይል (ሜሞሪ ሲያጥር በምትኩ የሚያገለግል) በዳታስቶሩ ላይ ይፈጥራል፤ ማሽኑ ሲጠፋ ፋይሉም ይጠፋል። ለጊዜው የማያስፈልግ፣ ለምሳሌ 24 ጊጋባይት ሜሞሪ የተሰጠው የሙከራ ማሽን ካላችሁ፣ ሜሞሪው በሙሉ ወይም በከፊል ሪዘርቭ ካልተደረገለት (ለእሱ ብቻ ካልተያዘለት) በቀር እሱን በሥርዓት ስታጠፉ 24 ጊጋባይት ወዲያው ይለቀቃል። (ሊሞላ በተቃረበ ዳታስቶር ላይ ጠፍቶ የነበረ ማሽን «አልነሳም» የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስዋፕ ፋይሉን የሚያስቀምጥበት ቦታ አያገኝም።) ቀጥሎ የተረሱ የአይኤስኦ ፋይሎችን (የመጫኛ ሲዲ ቅጂዎችን) ይመልከቱ። እነርሱን ማጥፋት ማንንም አይጎዳም።

ማሽኑ እንደ ተነሳ ሌላ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ከውስጡ የሒሳቡን ዳታቤዝ ባክአፕ ወስዳችሁ በውጭ ዲስክ አስቀምጡ። ከዚያ በኋላ በስናፕሾት ማኔጀሩ ገብታችሁ «ዲሊት» የሚለውን ትመርጣላችሁ። ቃሉ ያስደነግጣል፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን ትርጉሙ ወረቀቱ ላይ ያለውን ወደ ደብተሩ ገልብጦ ወረቀቱን መጣል ማለት ነው። የሚያስፈራው ጎረቤቱ «ሪቨርት» ነው፤ እሱ ደብተሩን ይዞ ወረቀቱን ይቀድዳል።

ከመጀመራችሁ በፊት ዋናው ዲስክ በምን ዓይነት እንደ ተፈጠረ እዩ። ቦታውን ሁሉ አስቀድሞ የያዘ «ቲክ» ዲስክ ከሆነ ሲዋሐድ አያድግም። እንደ አስፈላጊነቱ የሚያድግ «ቲን» ከሆነ ግን ሲዋሐድ ሊያብጥ ስለሚችል፣ በቂ ቦታ ሳይኖር ብትጀምሩ መንገድ ላይ ትቀራላችሁ፤ ያኔ አንድ ሌላ ማሽን ወደ ሌላ ስቶሬጅ ማዛወር የግድ ይሆናል። ማሽኑን ማታ አጥፍታችሁ ብትሠሩት ይመረጣል፤ እየሠራ ሲዋሐድ በመሐል የሚመጣውን ጽሑፍ የሚቀበል ሌላ ጊዜያዊ ፋይል ያስፈልገዋልና። 430 ጊጋባይት በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ሲገለበጥ ሌሊቱን ሊፈጅ ይችላል። መለኪያው 99 ከመቶ ደርሶ ሰዓታት ቢቆይ አትደንግጡ፤ «ተሰቅሏል» ብሎ ሆስቱን ሪስታርት ያደረገ ሰው ነው ብዙውን ጊዜ በማግስቱ የሚደውልልኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን የፈሰሰውን ለቅሞ መጨረስ አይቻልም።

አንዳንዴ ማኔጀሩ ባዶ ሆኖ፣ ፎልደሩ ውስጥ ግን ቁጥር የያዙ ፋይሎች ይገኛሉ። የባክአፕ ሶፍትዌር ሥራውን ሳይጨርስ ሲቋረጥ የሚተዋቸው ናቸው፤ መፍትሔውም ማጥፋት ሳይሆን ከዚያው ምናሌ «ኮንሶሊዴት» የሚለውን መምረጥ ነው። ወደፊት ቪኤምዌር ራሱ የሚመክረውን ያዙ፤ አንድ ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ አይቆይ። ቪሴንተር (ሆስቶችን በአንድነት የሚያስተዳድረው የቪኤምዌር ሶፍትዌር) ካላችሁ ዳታስቶሩ 75 ከመቶ ሲሞላ በቢጫ፣ 85 ከመቶ ሲደርስ በቀይ የሚያስጠነቅቀው አስቀድሞ ተሠርቶ የመጣ ነውና፣ መልእክቱ ወደ ስልካችሁ የሚደርስበትን ኢሜይል ብቻ አስገቡበት።

ጥያቄ፦ በፕሮክስሞክስ (እንደ ኢኤስኤክስአይ ቨርቹዋል ማሽኖችን በሚያስተዳድር ሶፍትዌር) ላይ ካለ የሊኑክስ ማሽን ውስጥ 200 ጊጋባይት የሚሆን የድሮ ቪዲዮ አጠፋሁ። ማሽኑ ውስጥ ቦታው ተለቆ ይታያል፤ በፕሮክስሞክስ ገጽ ላይ ግን የቲን ፑሉ (ማሽኖቹ እንደ አስፈላጊነቱ ቦታ የሚወስዱበት የጋራ ቋት) መጠን ከ91 ከመቶ ንቅንቅ አላለም። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ማሽኑ ፋይል ሲያጠፋ የሚሰርዘው ማውጫውን ነው፤ ቦታው መለቀቁን ለታችኛው ስቶሬጅ ካልነገረው ስቶሬጁ በምን ያውቃል? በማሽኑ ሃርድዌር ገጽ ዲስኩን ከፍተው «ዲስካርድ» የሚለውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት፤ የዲስኩ ዓይነት ቨርትአይኦ ስካዚ (ለቨርቹዋል ማሽን የተሠራ የዲስክ ማገናኛ) ቢሆን ይመረጣል። ለውጡ እንዲይዝ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ያስነሱት፤ ከውስጥ ሪስታርት ማድረግ አይበቃም። ከዚያ በሊኑክሱ ውስጥ «ኤፍኤስትሪም» የተባለውን ትእዛዝ በሁሉም ፓርቲሽኖች ላይ ሲያካሂዱ ፑሉ ሲቀንስ ዓይንዎ እያየ ነው። ዊንዶውስ ከሆነ ድራይቮችን «ኦፕቲማይዝ» የሚያደርገው መሣሪያ ይህንኑ ይሠራል።

91 ከመቶው ግን አሳስቦኛል። የኤልቪኤም (የሊኑክስ የዲስክ ማደላደያ) ቲን ፑል መቶ ከሞላ በላዩ ያሉት ማሽኖች ሁሉ በአንድ ጊዜ የመጻፍ ስህተት ይደርስባቸዋል፤ የፋይል ሥርዓታቸውም ሊበላሽ ይችላል። ፑሉ ደግሞ ሁለት መለኪያ አለው፤ የዳታውና የሜታዳታው (የትኛው ዳታ የት እንዳለ የሚይዘው መዝገብ)። ሰው ሁሉ የሚያየው የመጀመሪያውን ነው፤ ሁለተኛው ሲሞላ የሚደርሰው ጉዳት ግን የባሰ ነው። ሁለቱንም በየሳምንቱ እዩ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ሳምንት መብራት ሁለት ጊዜ ረዘም ላለ ሰዓት ጠፋብን፤ ዩፒኤሱም አልቆ ሰርቨሩ ጠፋ። መብራቱ መጥቶ ሁሉም ማሽኖች ተነሱ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል። በአሥር ደቂቃ ያልቅ የነበረ የፋይል ቅጂ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈት ነው፣ ሜሞሪውም አልሞላም። አንዱ የሊኑክስ ማሽን ደግሞ በድንገት ዲስኩን ለንባብ ብቻ አድርጎት አገኘሁት። ዲስኮቹ ላይ ቀይ መብራት አይታይም። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈት ሆኖ ሁሉም ነገር ሲንቀራፈፍ ማሽኖቹ ዲስክ እየጠበቁ ነው ማለት ነው። በእርስዎ አገላለጽ መጀመሪያ የምጠረጥረው በሬይድ ካርዱ (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ በሚያስተዳድረው ካርድ) ላይ ያለችውን ትንሽ ባትሪ ነው።

ሬይድ ካርዱ የራሱ የሆነች ፈጣን ሜሞሪ አለችው። ደህና በሆነበት ጊዜ ማሽኑ የላከውን ጽሑፍ በዚያች ሜሞሪ ተቀብሎ ወዲያውኑ «ጽፌአለሁ» ይላል፤ ወደ ዲስኮቹ የሚያወርደው ኋላ ቀስ ብሎ ነው። ይህ አሠራር «ራይት ባክ» ይባላል። መብራት ቢጠፋ በሜሞሪዋ ውስጥ ያለው ጽሑፍ እንዳይጠፋ የሚጠብቀው ባትሪው ነው። ባትሪው ባዶ ሲሆን ወይም ሲያረጅ ካርዱ ይህን አደራ መሸከም እንደማይችል ያውቅና ወደ «ራይት ትሩ» ይቀይራል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጽሑፍ ዲስኩ ላይ በትክክል እስኪያርፍ ይጠብቃል። በሚሽከረከሩ ዲስኮች፣ በተለይም በሬይድ 5 ላይ፣ ልዩነቱ እርስዎ ያዩትን ያህል ነው። ዲስኮቹ ደህና ስለሆኑ ቀይ መብራት አይበራም።

ወደ ካርዱ ማስተዳደሪያ ይግቡና የባትሪውን ሁኔታና የቨርቹዋል ድራይቩን የአሁን የመጻፊያ ፖሊሲ ያንብቡ። ባትሪው በመሞላት ላይ ከሆነ ጥቂት ሰዓታት ይጠብቁ፤ ሲሞላ ካርዱ በራሱ ይመለሳል። አንዳንድ ካርዶች ባትሪያቸውን በየጥቂት ወሩ ራሳቸው አውጥተው ሲፈትኑም እንዲሁ ለጊዜው ይዘገያሉ። ባትሪው «መቀየር አለበት» ካለ ግን መቀየር ነው። እዚያው ገጽ ላይ ባትሪ ባይኖርም በግድ በራይት ባክ እንዲሠራ የሚያደርግ ምርጫ ያያሉ፤ ፍጥነቱም በአንድ ጠቅታ ይመለሳል። መብራት በሚጠፋበት አገር ያንን ምርጫ ማብራት ሰው ገንዘቡን ለማያውቀው ሰው ያለ ደረሰኝ እንደ መስጠት ይሆናል። ዳታቤዙ «ተጽፏል» የተባለው ጽሑፍ በሚቀጥለው የመብራት መጥፋት ሲተን፣ የሚቀረው ግማሹ ያለ ግማሹ የሌለ ፋይል ነው። አዲስ ካርድ ለመግዛት ዕድሉ ካለዎት በባትሪ ፈንታ ካፓሲተርና ፍላሽ ያለውን ይምረጡ፤ መብራት ሲጠፋ ጽሑፉን ወደ ፍላሽ ስለሚያወርደው ረጅም ጨለማ አያስጨንቀውም።

ባትሪው ደህና ሆኖ ከተገኘ ወደ ዲስኮቹ ይሂዱ። በስማርት (ዲስኩ ጤንነቱን ራሱ በሚከታተልበት) መለኪያቸው ቁጥር 5 የተተኩ ሴክተሮችን (የዲስኩን ጥቃቅን ክፍሎች)፣ 197 ደግሞ ፍርድ የሚጠብቁ ሴክተሮችን ይቆጥራሉ፤ 197 ከዜሮ በላይ ሆኖ እያደገ ከሄደ ያ ዲስክ እምነት አይጣልበትም። 199 (የማስተላለፍ ስህተት ቆጣሪው) እያደገ ከሆነ ግን ዲስኩን ከመወንጀልዎ በፊት ገመዱን ነቅለው ይሰኩ። ሆስቱ ኢኤስኤክስአይ ከሆነ «ኢኤስኤክስቶፕ» በተባለው መሣሪያ ሁለት ቁጥሮችን ማነጻጸር ይቻላል፤ «ዲኤቪጂ» ከፍ ካለ መዘግየቱ ከዲስኩ ወይም ወደ ዲስኩ ከሚወስደው መንገድ ነው፣ «ኬኤቪጂ» ከፍ ካለ ወረፋው ያለው እዚያው ሆስቱ ውስጥ ነው።

ለንባብ ብቻ የሆነው ሊኑክስ የዚሁ ሰለባ ነው። ሊኑክስ ከስካዚ ዲስክ መልስ የሚጠብቀው ሲሠራ ጀምሮ 30 ሰከንድ ነው፤ መልሱ ሳይመጣ ሲቀር፣ ሙከራውም ካልተሳካ፣ የፋይል ሥርዓቱ ጉዳቱ እንዳይብስ በሩን ይዘጋል። የቪኤምዌር ቱልስ ሲጫን ይህን ጊዜ ወደ 180 ሰከንድ ስለሚያሳድገው በማሽኑ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ። ማሽኑን ከማስነሳትዎ በፊት ግን ዋናውን መዘግየት ይፍቱ፤ አለዚያ በሳምንቱ ተመልሶ ይዘጋል። ሪስታርት ሲደረግም የፋይል ፍተሻው እስኪያልቅ ይታገሡት።

ጥያቄ፦ አዲስ የኤንኤፍኤስ (በኔትወርክ የሚገናኝ) ስቶሬጅ ገዝተን ከሁለት ሆስቶች ጋር አገናኘነው። ፒንግ (የግንኙነት መሞከሪያ መልእክት) ይመልሳል፣ ዳታስቶሩ ይታያል፣ ፎልደሮቹም ይከፈታሉ። አንድ ማሽን ወደዚያ ማዛወር ስንጀምር ግን ትንሽ ሄዶ ይቆማል። ሻጩ ለፍጥነት ብሎ ኤምቲዩውን 9000 አድርጎታል። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርዎ መልሱን ይዛለች። ኤምቲዩ በአንድ ጊዜ የሚያልፈው የኔትወርክ እሽግ መጠን ነው፤ የተለመደው 1500 ነው። 9000 የሚሠራው በመንገዱ ላይ ያለው ሁሉ፣ ስቶሬጁም፣ ስዊቹም፣ የሆስቱ ቨርቹዋል ስዊችም፣ የቪኤምከርነል ፖርቱም (ሆስቱ ራሱ ከኔትወርኩ የሚገናኝበት በር)፣ ሁሉም በ9000 ሲስማሙ ብቻ ነው። አንዱ 1500 ላይ ከቀረ ትንንሹ እሽግ ያልፋል፣ ትልቁ ይጣላል። የፎልደር ዝርዝር ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ይታያል። የዲስክ ጽሑፍ ትልቅ ነው፤ ስለዚህ ይቆማል። ተራ ፒንግም የሚልከው ጥቂት ባይት ስለሆነ «ሰላም ነው» ይላችኋል።

ማረጋገጫው ትልቅ ፒንግ ነው። ከኢኤስኤክስአይ ሆስቱ በ«ቪኤምኬፒንግ» እሽጉ እንዳይቆራረጥ አዝዘው መጠኑን 8972 አድርገው ይላኩ። ቁጥሩ እንግዳ ቢመስልም ከ9000 ላይ የአይፒ ራስጌው 20 ባይትና የፒንጉ ራስጌ 8 ባይት ተቀንሶ የሚቀረው ነው። ካልመለሰ በ1472 ይሞክሩ። ይኸኛው መልሶ ያኛው ከቀረ ችግሩ ተገኘ፤ የቀረው በመንገዱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቦታ አንድ በአንድ ማየት ነው፣ ጥፋተኛውም ብዙውን ጊዜ ስዊቹ ነው። የእኔን አስተያየት ከጠየቁኝ በ1 ጊጋቢት መስመር ላይ 9000 የሚያስገኘው ፍጥነት ለሚያስከትለው ራስ ምታት አይበቃም፤ ሁሉንም ወደ 1500 መልሳችሁ ሥራችሁን ቀጥሉ።

ጥያቄ፦ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አንድ ሆስት ከስቶሬጁ ተቆራርጦ ነበር። የኢኤስኤክስአይን ሎግ (የክንውን መዝገብ) ብፈትሽ በ7 ሰዓትም በ1 ሰዓትም ምንም የለም። ሎጉ ተሰርዞ ይሆን? (ከአዳማ)

መልስ፦ አልተሰረዘም፤ ሰኞ 22፡00 ላይ ይፈልጉት። የኢኤስኤክስአይ ሎግ ሁልጊዜ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ነው፤ ከሰዓቱ ጫፍ ያለችው «ዜድ» የተባለችው ፊደል ይህን ትናገራለች። የእኛ ሰዓት ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ ቆጠራችን ደግሞ ከንጋት ስለሚጀምር በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ይላል። ሁለቱ ሲደመሩ ሥራው ቀላል ነው፤ ከሎጉ ሰዓት ላይ 3 ይቀንሱ፣ ከ12 በላይ ከሆነም 12 ይቀንሱ። 22 ሲቀነስ 3 ይሆናል 19፣ ከዚያ 12 ሲነሳለት የሌሊቱ 7 ሰዓት ይመጣል። ሎጉ 05፡00 ካለ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። የፕሮክስሞክስ ሎግ ግን በራሱ በሆስቱ የተሞላውን ሰዓት ስለሚከተል ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያነቡ ይጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ ሁለት የፕሮክስሞክስ ሰርቨሮችን በክላስተር (እንደ አንድ ቡድን) አገናኝተን እንጠቀም ነበር። አንዱ ተበላሽቶ ጠፋ። በሌላው ላይ እየሠሩ የነበሩት ማሽኖች አሁንም ይሠራሉ፤ የጠፋውን ማሽን ማስነሳት ወይም ማንኛውንም ማስተካከያ ማድረግ ግን ኮረም እንደሌለ እየገለጸ እንቢ ይላል። (ከጎንደር)

መልስ፦ ክላስተሩ በድምፅ ብልጫ የሚተዳደር ነው፤ ውሳኔ የሚያልፈው ከግማሽ በላይ ድምፅ ሲገኝ ነው፤ ኮረም የሚባለውም ይኸው ነው። ከሁለት ድምፅ አንዱ ግማሽ ነው፣ ከግማሽ በላይ አይደለም። ስለዚህ የቀረው ሰርቨር የማዋቀሪያ ፋይሎቹን ለንባብ ብቻ አድርጎ ይቀመጣል። ሁለቱም በሕይወት እያሉ በመካከላቸው ያለው ገመድ ብቻ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለቱም አንዱን ማሽን ከአንዱ ዲስክ ላይ አስነስተው በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ሰው እንደሚጽፍ ያበላሹት ነበር፤ እንቢታው ከዚያ ይጠብቃችኋል።

የተበላሸውን ሰርቨር ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩት፣ የኃይል ገመዱንም ንቀሉት። ከዚያ በቀረው ላይ «ፒቪኢሲኤም ኤክስፔክትድ 1» የሚለውን ትእዛዝ ስትሰጡ በአንድ ድምፅ እንዲሠራ ትፈቅዱለታላችሁ። የጠፋው ሰርቨር ማሽኖች ዲስካቸው በራሱ ውስጥ ከነበረ ግን ኮረም ቢመለስም ከባክአፕ ካልሆነ በቀር አይመጡም። ለዘለቄታው ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋችኋል። ሦስተኛ ሰርቨር መግዛት ግዴታ አይደለም፤ «ኪውዲቫይስ» የተባለውን አገልግሎት በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ወይም በራስበሪ ፓይ ላይ መጫን ይበቃል። ያ ሦስተኛ ድምፅ ሳይኖራችሁ «ኤችኤ» የተባለውን በራስ የማስነሳት አገልግሎት አታብሩት፤ ብቻውን የቀረው ደህናው ሰርቨር ኮረም ሲያጣ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል፣ የሚሠሩት ማሽኖችም አብረው ይወድቃሉ።

ጥያቄ፦ የአንድ አነስተኛ የሒሳብ ቢሮ ኮምፒውተሮችን በትርፍ ጊዜዬ እከታተላለሁ። ብሮድኮም ቪኤምዌርን ከገዛ በኋላ የፈቃድ ክፍያው ስላልተመቻቸው ወደ ፕሮክስሞክስ እያዛወርኳቸው ነው። የሊኑክሱ ማሽን ያለ ችግር ተነሳ፤ የዊንዶውስ ሰርቨሩ ግን ገና ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣና የማስነሻ ዲስኩን ማግኘት እንዳልቻለ ይናገራል። ዲስኩ ሲዛወር ተበላሽቶ ይሆን? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ዲስኩ ደህና ሳይሆን አይቀርም። ግዢው በኅዳር 2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከተጠናቀቀ ወዲህ ይህን መንገድ የጀመሩ ብዙዎች እዚያው ስክሪን ላይ ቆመዋል። ዊንዶውስ በቪኤምዌር ሲኖር የሚያውቀው የቪኤምዌርን የዲስክ መቆጣጠሪያ ነው። ፕሮክስሞክስ ላይ ዲስኩን በቨርትአይኦ ካገናኙት፣ የቨርትአይኦ ድራይቨር ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ስለማይመጣ፣ በሩ ላይ ቆሞ ቁልፉን ያጣ ሰው ይሆናል።

ዲስኩን ከማሽኑ ሃርድዌር ገጽ አላቅቀው በሳታ (በተለመደው የዲስክ ማገናኛ) መልሰው ያገናኙት፣ በቡት ቅደም ተከተሉም ላይ ምልክት ያድርጉበት፤ ዊንዶውስ ሳታን ያውቃልና ይነሳል። ከዚያ 1 ጊጋባይት የምትሆን ባዶ ዲስክ በቨርትአይኦ ስካዚ ይጨምሩለትና የቨርትአይኦ ድራይቨሮች ያሉበትን የአይኤስኦ ፋይል በሲዲ በኩል አስገብተው ይጫኑ። ያቺን ትንሽ ዲስክ ዊንዶውስ ሲያያት ድራይቨሩ ሥር ሰደደ ማለት ነው። አሁን ማሽኑን አጥፍተው ዋናውን ዲስክ ወደ ቨርትአይኦ ስካዚ ያዛውሩት፣ ትንሿን ይጣሏት። በሳታ ስለተነሳ ብቻ እዚያው ልተወው አይበሉ፤ የዲስኩ ፍጥነት ያንሳል።

በሳታም ካልነሳ የማስነሻው ዓይነት ተለያይቶ ይሆናል። በቪኤምዌር ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የማስነሻ ዓይነት) የነበረ ማሽን በፕሮክስሞክስ ነባሪ በሆነው ሲባዮስ (በድሮው ዓይነት) አይነሳም፤ ወደ ኦቪኤምኤፍ (ወደ ዩኢኤፍአዩ ምርጫ) ይቀይሩትና የኢኤፍአይ ዲስክ ይጨምሩለት። ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ ከማዛወርዎ በፊት በቪኤምዌር ላይ እያለ መቆለፊያውን ለጊዜው ማቆምና የመልሶ ማግኛ ቁጥሩን በወረቀት መጻፍ ነበረብዎ፤ አሮጌውን ማሽን ገና ካላጠፉት ተመልሰው ያድርጉት። በፕሮክስሞክስ 8.2 የመጣውን የማስገቢያ መሣሪያ ለሚቀጥሉት ማሽኖች ከተጠቀሙ፣ ማሽኑን አጥፍተው፣ ያሉትንም ስናፕሾቶች አስቀድመው አዋሕደው ይጀምሩ።

ዊንዶውስ ከተነሳም በኋላ ቢሮው «ሰርቨሩ አይገኝም» ብሎ ይደውልልዎታል። አዲሱ የኔትወርክ ካርድ እንደ ሌላ ካርድ ስለሚቆጠር የድሮው ቋሚ አይፒ አድራሻ አብሮ አይመጣም፤ አድራሻውን ሲሞሉም ለሌላ ካርድ ተሰጥቷል የሚል ማስጠንቀቂያ ያያሉ። ያ ሌላ ካርድ የድሮው የቪኤምዌር ካርድ ነው። በዲቫይስ ማኔጀር «የተደበቁ መሣሪያዎችን አሳይ» የሚለውን መርጠው ደብዝዞ የሚታየውን ካርድ ያስወግዱት፣ ከዚያ አድራሻውን ይሙሉ። አሮጌው ማሽን በቪኤምዌር ላይ ሳይጠፋ ቀርቶ ያንኑ አድራሻ እንዳልያዘም አስቀድመው ይመልከቱ።